የድሮው መሬት ይሻለኛል

ባለቤቴን ሊያሳስረው የነበረው እበት ነው ብል የሚያምነኝ ስለማይገኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ብነግራችሁ ይሻላል።

ጊዜው ደርግ ነው። የክፉዎቹ ዓመታት ተኩስ ጋብ ብሎ ሰው ተንፈስ ማለት ጀምሯል፤ ሲተነፍስ ግን ግራ ቀኙን አይቶ ነው። እኔ ስንዱ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ ጌታሁን እዚያው ላቦራቶሪ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው ሰገራ ሲያይ ስለሚውል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ሁሉ ነገር ጀርም ሆኖ ይታየዋል። እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ብሎ ይጨብጥና፣ እንግዳው ዞር ሲልለት ወደ ሳሙናው ይሮጣል። ከዚህ ጠባዩ በቀር እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። ወድጄው ነው ያገባሁት፣ እጄንም ታጥቤ።

የምንኖረው ከአራዳ ወረድ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ማድቤት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በእበት የሚለቀለቅ አፈር። መሬት የምለው ወለሉን ነው። ያን ጊዜ እኛ ቤት «ወለል» የሚል ሰው አልነበረም። «መሬቱን ጥረጊው»፣ «ልጅቷ መሬት ላይ ወደቀች» ነው የሚባለው። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ልጃችን ሕሊና መዳህ ስትጀምር ጌታሁን እንቅልፍ አጣ። ልጄ እበት ላይ አትድህም አለ። ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ ስለ ወስፋት፣ ስማቸውን እንኳ ልጠራቸው ስለማልችላቸው ትሎች ሲያስረዳኝ አመሸ። የተናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ ነው፤ ሐሰት አልነበረበትም። ስለዚህ መሬቱን ምን እናልብሰው የሚለው ምክር ተጀመረ። ሊሾ እንዳናስደርግ ሲሚንቶ በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ራሱ ቤቱ አፈር ነው። ጣውላ እንዳንል ጎረቤታችን ጣውላ አንጥፈው ከሥሩ የሚወጣውን ቁንጫ ለመግደል ቤታቸውን በናፍጣ ሲያጥቡ እናያለን። ገበያ ላይ አንድ የፕላስቲክ ምንጣፍ አገኘንና ገልጠን ብናሸተው ራሳችንን አዞረን። ነጋዴው ሽታው ከጊዜ በኋላ ይጠፋል ቢለንም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ግን አልነገረንም።

በመጨረሻ ጌታሁን ደስ ብሎት መጣ። መንገድ ላይ የሚፈሰውን ጥቁር ሬንጅ፣ እኛ ጎንደሮች በጣልያንኛው ካትራሜ የምንለውን፣ ትራፊ በርሜል የሚሸጥ ሰው አግኝቷል። ካትራሜ ቀልጦ መሬቱ ላይ ሲፈስ እንደ መስታወት ይሆናል አለኝ። ጀርም በላዩ አንዲት ቀን አያድርም።

«ሰውስ?» አልኩት።

«ሰው ጫማ ያደርጋል» አለ።

ካትራሜው ፈሰሰ። እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ሰሞን ኮርቼበታለሁ። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚያየው መሬት ሆነ። ከዚያ ሚያዝያ ገባ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው መሬታችን ላቡ ይመጣ ጀመር። የወንበሩ እግር ሰመጠ። የጎረቤት ዶሮ ዘው ብላ ገብታ መሃል ቤት ተለጥፋ ቀረች፤ ስናላቅቃት ሰፈሩ ሁሉ ሰማት። የሕሊና ጉልበትና መዳፍ ጠቆረ፤ ዓይኗ ቀላ። ቀጥሎ ሳል ያዛት። ደረቅ፣ የማይለቅ ሳል ነው፤ ሲይዛት ፊቷ ደም ይመስላል። ጌታሁን ናሙና ወስዶ ራሱ መረመረላትና ምንም ጀርም የለባትም ብሎ መጣ።

«ሳሉስ?» አልኩት።

«ሳሉማ አለ» አለና ተቀመጠ።

በዚህ መሃል አማቴ እማማ ደብሬ ከኮላ ድባ ሽንብራና ቅቤ ይዘው የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፤ አፍንጫቸው ግን እንከን የለውም። ገና ደጃፉን ሲረግጡ ቆም አሉና «ምነው ልጄ፣ ማኪና ሆድ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩ?» አሉ። ሕሊናን ከእጄ ተቀብለው በቀጥታ ወደ ማድቤት ሄዱ። የማድቤቱ መሬት ካትራሜ አልደረሰውም፤ አሁንም በእበት የተለቀለቀ ነው። ሰሌናቸውን አንጥፈው ከልጅቷ ጋር እዚያው አደሩ። ጠዋት ሕሊና ሳትስል ተነሣች። ጌታሁን አጋጣሚ ነው አለ። እማማ ደብሬ ግን በማግስቱም በሚቀጥለውም ቀን አጋጣሚውን ደገሙት።

ከዚያ በእናትና ልጅ መካከል ጦርነት ተነሣ። እሳቸው ይህን የመንገድ ጥፍጥፍ ፍቀህ አውጣ፣ የድሮውን መሬት መልስ ይላሉ። እሱ እበት የዚህን ቤት ደጃፍ አያልፍም ይላል። አንተ ራስህ ምን ላይ አደግህና ነው ቢሉት፣ በዕድል ነው ያደግሁት አላቸው። «እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ እማዬ አትበለኝ፣ ዕድሌ በለኝ» ብለው አኮረፉ። እኔ መሃል ላይ ነኝ። የከተማ ልጅ ስለሆንኩ እበት ዝፈቂ ብባል አፍንጫዬን መያዜ አይቀርም፤ የልጄን ሳል ስሰማ ደግሞ ልቤ ወደ አማቴ ይሄዳል።

ያ ቅዳሜ ቀን እንግዲህ መጣ። እማማ ደብሬ እግራቸውን ለማፍታታት ይሁን ከልጃቸው ለመሸሽ፣ የቀበሌውን ካርድ ይዘው ሳሙና ልግዛ ብለው ወደ ኅብረት ሱቅ ሄዱ። የቅዳሜን ወረፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሄዱ እኩለ ቀን ሳይሆን አይመለሱም ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወዲያው ሳሙናቸውን ይዘው ተመለሱ። ደስ ብሏቸዋል። የከተማ ሰው እንዴት ያለ ሸጋ ነው፣ ከአንዲት ሴት ጋር ትንሽ ስጫወት አሮጊት ናት ብለው ወረፋውን ሁሉ ለቀቁልኝ፣ አንዱም ከፊቴ አልቆመ አሉኝ። እኔም የሰፈራችን ሰው ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው ብዬ ተገረምኩ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ናቸው። ጌታሁን እጁን እየታጠበ ነበር።

«ጓድ ጌታሁን፣ ለአጭር ጥያቄ ቀበሌ ትፈለጋለህ» አለው አንደኛው።

የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ምንም ላይመስላቸው ይችላል። ያን ጊዜ ግን የአጭር ጥያቄን ርዝመት የማያውቅ አልነበረም። ለአጭር ጥያቄ ወጥቶ ዓመት የከረመ ነበር፤ ጨርሶ ያልተመለሰም ነበር። ጌታሁን ፊቱ አመድ መሰለ። ፎጣውን አጣጥፎ ሰቀለና ወደ እኔ ዞረ። የሚለውን ለመስማት ጠጋ አልኩ።

«እጅሽን ሳትታጠቢ ልጅቷን እንዳትነኪ» አለኝና ተከትሏቸው ወጣ።

ኑዛዜው ይህ ሊሆን ነበር እያልኩ ኋላ ብዙ ስቄበታለሁ። ያን ቀን ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤታችን ዘይነባ ያገኘችኝ እዚያው ነው። ዘይነባ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ፣ ነገር የማታባዛ ሴት ናት። ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ከአጠገቤ ቁጭ አለችና በሹክሹክታ ነገረችኝ። እሷም ወረፋው ላይ ነበረች። አንዲት ሴት እማማ ደብሬን ከተማው ተስማማዎት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጆሮው የከበደ ሰው እንደሚያወራው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ምን ይስማማኛል፣ ይህ አዲሱ መሬት ልጅ እየፈጀ። የድሮው መሬት ይሻለኛል። ልጄን ቀን ከሌት እመክረዋለሁ፤ ሳንመልሰውማ አገሬ አልገባም» አሉ።

በአንድ ጊዜ ገባኝ። መሬት ለአራሹ ታውጆ፣ ገና በየስብሰባው በሚዘመርበት ዘመን፣ መሃል ኅብረት ሱቅ ውስጥ የድሮው መሬት ይሻለኛል ብለዋል። ወረፋው የተለቀቀላቸው ሰው ከአጠገባቸው ሸሽቶ ነው። ዘይነባ ራሷ ያለ ሳሙና እንደተመለሰች ነገረችኝ።

ሕሊናን አዝዬ፣ እማማ ደብሬን እጃቸውን ይዤ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ልናገረው አልችልም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስናገር ደግሞ አይሰሙም። መሬት አይበሉ፣ መሬት የሚለውን ቃል አያንሱ አልኳቸው። እሳቸው ቁልቁል አዩና «ምኑን ላንሳው፣ ድንጋይ ነው እኮ» አሉኝ።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ሊቀመንበሩ አቶ ሞላ ናቸው፤ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ክፋት የማያውቁ ሽማግሌ። ሌላው ጓድ መኩሪያ የሚባለው ካድሬ ነው። ከትምህርት ተመልሶ ገና መምጣቱ ነው፤ የፊውዳል ርዝራዥ ፍለጋ ቢልኩት ማድጋ ውስጥ ገብቶም ቢሆን ይዞ የሚመጣ ዓይነት ወጣት። ጌታሁን ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ቆሟል።

እኛ ከመድረሳችን በፊት የሆነውን አቶ ሞላ ናቸው ኋላ የነገሩኝ። ጌታሁን የተጠራው የቀበሌን ቤት ያለ ፈቃድ ስለለወጠ መስሎታል። ስለዚህ ጓድ መኩሪያ በቤታችሁ ስለ መሬት ምን ትነጋገራላችሁ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሳይገፋ ሳይደበደብ ሁሉንም አመነ። አዎ፣ መሬቱ እንዳሰብነው አልሆነም፤ ልጅ እየጎዳ ስለሆነ ስለ መለወጡ እየተመካከርን ነው አለ። ከነማን ጋር ቢባል፣ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር አለ። የሚመለከተውን አካል ሳታስፈቅዱ ቢባል፣ ጥፋቴ ነው፣ ቀድሜ ማመልከት ነበረብኝ አለ። ጓድ መኩሪያ እንዲህ ያለ የሚናዘዝ ጠላት አይቶ ስለማያውቅ ላብ አጥምቆት ነበር።

እኔ እንደገባሁ «ጓድ፣ የተባለው እኮ ስለ ቤት መሬት ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«የቤት መሬትም በአዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ ቁጭ በይ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሆኗል። ቁጭ አልኩ። ሌላ ቃል ልጨምር ስል ጠመንጃ የያዘው ልጅ አየኝ፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አሰብኩና ተውኩት። ጓድ መኩሪያ ወደ እማማ ደብሬ ዞረ።

«እናት፣ ዛሬ ወረፋ ላይ ስለ መሬት ተናግረዋል?»

«ተናግሬያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«የድሮው መሬት ይሻለኛል አልሁ። አንተስ ብትሆን ልጄ፣ አንድ ሌሊት ብትተኛበት የኔኑ ነው የምትል።»

ካድሬው አቶ ሞላን አየ። አቶ ሞላ ጣሪያውን አዩ።

«ይህን የድሮውን መሬት ከማን አገኙት?»

«ከእናቴ ነዋ። እሷም ከእናቷ። ደንቢያ ውስጥ የኛን ቤት መሬት ያላደነቀ የለም።»

«ስንት ጋሻ ነበር?»

እማማ ደብሬ ሳቁ። «ምነው፣ ጋሻ ለምኑ? ሁለት ክፍል ናት። እሷንም እስክጨርስ ወገቤ ይቆረጣል።»

«ራስዎ ነዎት የሚሠሩት? ጭሰኛ አልነበረዎትም?»

«የጭሱን ነገር አታንሳብኝ። ጭስ ያለው አሁን ነው፣ እልጄ ቤት። የኔው ምንም ጭስ የለው።»

«እሺ፣ ማን ያርሰው ነበር?»

«ማን ያርሰዋል፣ የሚለቀለቅ እንጂ።»

ጓድ መኩሪያ ትንሽ አሰበና «አውድማም ነበራቸው ማለት ነው» ብሎ ለአቶ ሞላ ነገራቸው። አውድማም በእበት ስለሚለቀለቅ አልተሳሳተም። አቶ ሞላ መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳያቸው ግን ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ገብቷቸዋል። ነገር ግን ካድሬ ፊት ቀድሞ መሳቅም ያስጠይቅ ነበር።

ጓድ መኩሪያ ቀጥሎ ወደ ጌታሁን ዞረ። ድምፁ ተለወጠ፤ በሩ ላይ ያለው ልጅ እንኳ ቀና አለ። ከእናትህ ጋር የድሮውን መሬት ለመመለስ ተስማምተሃል ወይ አለው።

ጌታሁን ያን ሰሞን ሙሉ ስለዚሁ ሲጨቃጨቅ የከረመ ሰው ነው። ተነሥቶ ቆመ።

«በፍጹም አልተስማማሁም። እኔ በሕይወት እያለሁ የድሮው መሬት አይመለስም። እበት ነው ብያታለሁ።»

የጓድ መኩሪያ ፊት በራ። ያለፈውን ሥርዓት እንዲህ በአንዲት ቃል የገለጸለት ሰው አላየም። ጥሩ አቋም ነው አለ። ከዚያ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና ውሳኔውን ተናገረ። ጓድ ጌታሁን ወደ ቤቱ ይሂድ፤ እናት ግን ጉዳያቸው ለበላይ አካል እስኪመራ ድረስ እዚሁ ይቆያሉ።

እዚህ ላይ ሳቄ አይመጣም። እዚሁ መቆየት ማለት ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው መስኮት የሌላት ክፍል ናት። እማማ ደብሬ ያሉትን አልሰሙም፤ ሕሊናን ከጀርባዬ አውርደው ያጫውታሉ። ጌታሁን ግን ሰምቷል። አየሁት። የተከሰሰበት ነገር ምን እንደሆነ አሁንም አልገባውም፤ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቱ የሚታሰሩት የድሮው መሬት ይሻላል ስላሉ ነው፣ እሱ የሚለቀቀው አይሻልም ስላለ ነው። በሩ ክፍት ነበር። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደና ቆመ። ተመለሰና እናቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እንግዲያስ ይጻፍልኝ» አለ። «እኔም የድሮው መሬት ይሻለኛል።»

  ጓድ መኩሪያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀድመው የተናገሩት እማማ ደብሬ ናቸው። ይህችን ደህና አድርገው ሰምተዋት ኖሮ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ሰማችሁልኝ? በሸንጎ ፊት ነው ያመነ። አያ ሞላ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ፣ ነገ ይክዳል። ካትራሜውን ዛሬ ይፈቅፍቅልኝ፤ እኔ እበቱን ከነገ ጀምሬ አመጣለሁ። የላሟን ባለቤት አነጋግሬያለሁ።»

«የምን እበት?» አለ ጓድ መኩሪያ።

«የላም ነዋ። የበሬማ ይሻክራል።»

አቶ ሞላ ከዚህ በላይ አልቻሉም። መሐረቡ ወደቀ። ሳቃቸውን እየዋጡ፣ እንባቸውን እየጠረጉ «ጓድ መኩሪያ፣ ወለል ነው። ወለል ነው የሚሉት» አሉት።

ለካድሬ ከስህተት መመለስ ቀላል አይደለም። ጓድ መኩሪያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና፣ ነገሩ በቦታው ተገኝቶ ይጣራል አለ። ሁላችንም ተነሣን። እሱ ከፊት፣ አቶ ሞላ ከአጠገቡ፣ እኛ መሃል፣ ጠመንጃው ከኋላ። ሰፈሩ ቤታችን ሊበረበር መስሎት መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። ዘይነባ ብቻ ደጃፏ ላይ ቆማ በከንፈሯ ዱዓ ታደርግልናለች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጓድ መኩሪያ መሃል ቤት ገብቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመና ማጣራቱን ጀመረ። ካትራሜውን ማን ነው የመከረህ፣ ምን አስበህ ነው እያለ ጌታሁንን ጠየቀው። ጌታሁን ስለ ጀርም አስረዳ፤ ሲያስረዳ ደግሞ አጭር ሰው አይደለም። ያ ሁሉ ሲሆን የጓድ መኩሪያ ጫማ ቀስ ብሎ እየሰመጠ ነው። ሽታው መጣና ሳል ያዘው። ሕሊናም አብራው ሳለች። ተራ በተራ ሲስሉ ቆዩ። በቃ ተረድቻለሁ ብሎ ሊወጣ ሲል እግሩ ወጣ፣ ጫማው ግን ቀረ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ጠመንጃ የያዘው ልጅ በቶሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እማማ ደብሬ ግን አልሳቁም። በአንድ እግሩ የቆመውን ሰው ክንዱን ያዙና «ና ልጄ፣ ሰው እሚቀመጥበት አለ» ብለው ወደ ማድቤት ወሰዱት። ሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። እዚያ ቀዝቀዝ ይላል። ጓድ መኩሪያ ሳሉ ተወው። መሬቱን በመዳፉ ዳበሰው፤ ደረቅና ልስልስ ነው፣ የሚሸተውም አፈር ብቻ ነው።  ከዚያ አነስ ባለ ድምፅ እናቴ ለበዓል ስትለቀልቅ ከውጭ ቁሙ ትለን ነበር፣ እስኪደርቅ አታስገባንም አለ። ከየት አገር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የጠየቅነው፤ ከጠዳ ወዲያ ካለች መንደር ነው።

ጫማው በቢላዋ ተፈልቅቆ ሲመጣለት እንደገና ካድሬ ሆነ። ክሱ ተነሥቷል አለ። ነገር ግን የድሮው መሬት የሚለው አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቀበሌ ውስጥ አይሰማም፤ በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የተሠራ ወለል ይባል ብሎ መመሪያ ሰጠ።

እማማ ደብሬ ቃል በቃል እንድደግምላቸው አደረጉኝ። ሲገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስሙን እናንተ አውጡለት፤ እበቱን እኔ አመጣለሁ» አሉ።

ካትራሜውን ፍቀን ለማውጣት ጌታሁንና እኔ መዳፋችን ተላጠ። ከሥሩ ቀይ አፈር ከጭድና ከአመድ ጋር ተረገጠ፤ በላዩ እበቱ በስሱ ተለቀለቀ። ጌታሁን ቃሉን ጠበቀ፤ ጀርሙን ግን አልረሳም። ጨርሶ ሳይደርቅ ማንም አይገባም፣ ቁስል ያለበት ሰው ባዶ እግሩን አይረግጥም፣ ልጅቷ ሰሌን ላይ ትድሃለች አለ። ከሆስፒታል የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አምጥቶ ቤተሰቡን አሰለፈ፤ መጀመሪያ የተወጉት እናቱ ናቸው። እኔም እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ለቀለቅሁ። የሕሊና ሳል ክረምቱ ሳይገባ ጠፋ።

ያ ቀን ብዙ ነገር ለውጦብኛል። ሁለቱ ጠባያቸው አልተለወጠም፤ እስከ መጨረሻው ይጨቃጨቁ ነበር። ነገር ግን ጌታሁን ከተከፈተው በር ሲመለስ ካየሁ ወዲህ፣ ሳሙናው ላይ የሚያጠፋው ጊዜ አስከፍቶኝ አያውቅም። ከአማቴ ጋር ደግሞ ምራትና አማት መሆናችን ቀርቶ እናትና ልጅ ሆንን።

ዛሬ ሕሊና ራሷ እናት ሆና ፀዳ ያለ ቤት እየሠራች ነው። ወለሉን ምን ላልብሰው ብላ ሱቅ ለሱቅ ታዞረኛለች። አንዱ እንደ ጣውላ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ያሳየናል፣ ሌላው ደግሞ ሙጫው ከሩቅ የሚከረፋ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እበት ለቅልቁ አልላችሁም፤ ነገር ግን ሕፃን የሚድህበትን ነገር ቆማችሁ አትግዙ። ተንበርከኩና አሽትቱት፣ አፍንጫችሁን ልጁ አፍንጫውን የሚያደርስበት ቦታ አድርሱት። ነጋዴው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህን ወግ አውርቼ ሰው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ ለብቻዬ የማስበው። እኛ ያመለጥነው ንጹሕ ስለሆንን አይደለም። ያመለጥነው እማማ ደብሬ የተናገሩት ነገር በእግር የሚረገጥ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ስለነበረ ነው። ካድሬውን ወስደን አሳየነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ፣ በእውነት ያሰቡትን ተናግረው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ምኑን ያሳዩት?